የተውሶ ክንድ

ክፍል ይሰጣችኋል ተብለን ነበር የሄድነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ ግቢ ስንደርስ ግን የስብሰባ አዳራሹ ቁልፍ ጠፍቷል ተባለ። የሾፌሮቹ ማረፊያ ቀለም እየተቀባ ነው ተባለ፤ በሩ ላይ ቆሜ ባሸት የቀለም ሽታ የለም። በመጨረሻ የተሰጠን ሥራ ካቆመ የቆየ የትኬት መሸጫ ክፍል ነበር። ሁለት ሰው ከተቀመጠበት ክርን ለክርን ይገፋፋል። ከፊት ለፊቱ ትልቅ መስታወት አለው፤ መስታወቱ ላይ የድሮ የጉዞ መስመሮች ዝርዝርና የተቀዳደደ ማስታወቂያ ተደራርቦ ስለተለጠፈበት ውጭ ያለውን ሰው ፊት አያሳይም። ከታች፣ ድሮ ትኬት ይወጣበት በነበረው በኩል፣ ክንድ የሚያሾልክ ክፍት ቦታ ቀርቷል።

«እዚህ ሆናችሁ ለኩ» አለ ዋርሳዬ። «የምትፈልጉት ክንድ ነው፤ ክንድ ይገባላችኋል። ፊት ምን ያደርግላችኋል?»

ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። እሱም ሾፌር ነው፤ የሾፌሮቹ ተወካይም እሱ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ «እትዬ» ይለኝ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ መጠሪያ አጣልኝ። ያን ጠዋትም የሚናገረው ለነርሷ ነበር፤ እኔ ለእሱ አብሮ የመጣ ዕቃ እንጂ ሰው አልነበርኩም።

ነርሷ ጡረታ የቀረባት፣ ምላሷ የማይዝል ሴት ናት። ክፍሉን ዞር ብላ አየችና «ዶሮ ቢሰጠን ኖሮ እዚህ እንቁላል እናስጥላት ነበር» አለች። ዋርሳዬ አልሳቀም። ውጭ መስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ ሄደ፤ ለእኛ ብሎ ሳይሆን ነርሷ «ቆሞ አይለካም» ብላ ስለጮኸችበት።

ባሌ የሞተው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ከመንገድ ተመልሶ አውቶቡሱን አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፤ ከፊት ጎማው አጠገብ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነበር። ሐኪሙ «ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ይመስላል» ሲል አማቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ያንን ቃል ያዘችው። እኔ የጤና ጽሕፈት ቤት ባልደረባ ነኝ፤ የተማርኩትም የምሠራውም ሰው ግፊቱን እንዲለካ፣ ከተገኘበትም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ማስተማር ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አማቴ «የአገሩን ግፊት ትለካለች፤ ጎኗ የተኛው አልታያትም» አለች። ዋርሳዬ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ደፋ እንጂ አላስቆማትም።

አልመለስኩላትም። ብመልስ የምለው አንድ ነገር ነበር። ማጅራቱን በመዳፉ ሲጫን እያየሁ እንለካ ስለው «ቤቴን ክሊኒክ አታድርጊብኝ፤ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ምርመራ አለ» ይለኝ ነበር፤ ቀኑ ደርሶ ተለክቶ መጣ። «እንደ ጎረምሳ ነህ ብለውኛል» አለኝ፣ ጫማውን እየፈታ። አመንኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ድንገት የመጣ በሽታ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ይህን ለአማቴ ላስረዳ ብል ግን ለቅሶዬ ክርክር ሊሆን ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አለቃዬ ለዚያ ግቢ ሌላ ሰው ልመድብ ወይ ብሎኝ ነበር። እኔው እሄዳለሁ አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ድርጅቱ ያወጣው ትእዛዝ አጭር ነው። ያልተለካ ሾፌር በዚያ ቀን ተሳፋሪ ይዞ አይወጣም። ልኩ አደገኛ የሆነበት የመኪናውን ቁልፍ አስረክቦ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ ትእዛዙን ለጥፎ ከሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ወጣ፤ ጥላቻውን ለእኛ ትቶልን። ሾፌሮቹም ወዲያው ስም አወጡልን፤ «ቁልፍ ለቃሚዎች»።

ከመለካቱ በፊት ጥቂት መናገር ነበረብኝ። ክፍሉ ውስጥ የአውቶቡስ መነሻ የሚነገርበት ማይክሮፎን አሁንም ይሠራል፤ ድምፁ በግቢው ሁሉ ይሰማል። አብርቼው «እንደምን አደራችሁ። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰው ደህና ነኝ እያለ...» እንዳልኩ አንዱ ክላክሱን ለቀቀው። ሌላው ተከተለው። ከዚያ የቆመው መኪና ሁሉ ጮኸ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

«አጨበጨቡልሽ» አለች ነርሷ።

ዝም ስል ዝም አሉ። ስጀምር ጀመሩ። በሦስተኛው «ሳትለኩ አትወጡም» ብዬ ብቻ ዘጋሁት። ይህንን ሰሙ።

ክንዶቹ መምጣት ጀመሩ።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ሾፌሩ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ግራ ክንዱን በመስኮቱ ያሾልካል። የድርጅቱ ሾፌሮች ጃኬት እጅጌ ላይ የሚነዱት አውቶቡስ ቁጥር ተሰፍቶበታል፤ ያንን ቁጥር ይጠራል። እኔ እጅጌውን ሰብስቤ የክንድ ማሰሪያውን እጠቀልላለሁ፣ ነርሷ ትለካለች፣ ያለፈው የመውጫ ካርዱን ከእኔ እጅ ይቀበላል። ስምሪት ክፍሉ ያለ ካርድ መኪና አይለቅም።

«ሲስተር፣ ጠበቅ አድርጊው፤ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አቅፋኝ አታውቅም።»

«እሷ ሳትሸትህ አትቀርም» አለች ነርሷ።

«ደማችንን ለማን ነው የምትሸጡት?»

«ያንተ ናፍጣ ተቀላቅሎበታል፤ ለራስህ ያዘው። አሁን ዝም በል፤ እያወራህ አይለካም።»

እንዲህ ያሉት ደጎቹ ናቸው። አንዱ ግን ክንዱን አስገብቶ ሳለ ጣቶቼ ሲነኩት መለሰው። «ባሏን የቀበረችው እሷ ናት ውስጥ ያለችው? እሷ ከነካችኝ አልለካም።» ከኋላው ያሉት አጉረመረሙ፤ እየደገፉት። ነርሷ ማሰሪያውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ጠቀለለችለት፤ ከሚገባው በላይ ሳታጠብቀው አልቀረችም። ሌላው ካርዱን ሲቀበል «በሬ ካራጁ ይውላል» ብሎ ሄደ። ካርዱን ግን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ፊት ሳያዩ ክንድ ብቻ ማየት ሰውን ሌላ ነገር ያስተምረዋል። የሾፌር ግራ ክንድ ከቀኙ ይጠቁራል። ዕድሜውን ሙሉ መስኮቱ ላይ ስለሚያስደግፈው ፀሐይ ያጠቁረዋል፤ እጅጌው የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ፣ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እንደተሰመረ ያቆማል። ከላይ ያለው ቆዳ የሌላ ሰው ይመስላል። ይህንን የትም አላነበብኩትም። የሾፌር ሚስት ነበርኩ።

ቁጥር ሃያ ሰባት ብሎ የገባው ክንድ ያ መስመር አልነበረበትም። አላስተዋልኩትም፤ ከሁሉ ያስተዋልኩት የጎማ ማጣበቂያ ሽታውን ነው። ቀጭን፣ ጅማታም፣ አውራ ጣቱ ሥር የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ ያለበት። «መቶ አሥራ ስምንት በሰባ አምስት» አለች ነርሷ፤ «እንዲህ ያለ ሾፌርም አለ?» ካርዱን ሰጠሁት።

ሌሎች መጡ። ሁለቱ ቁልፋቸውን አስረከቡ፤ አንደኛው ቁልፉን ሲወረውር ነርሷን ጉንጯን ሳታት። ከዚያ ቁጥር አርባ አንድ የሚል ክንድ ገባ፤ ያው የማጣበቂያ ሽታ። ጠባሳውን አየሁት። መቶ አሥራ ስድስት። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። ግቢው ውስጥ ሁሉም ጎማ ይነካካል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ክንዱ ከወጣ በኋላ ግን ያጣሁት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ከክርኑ በላይም በታችም አንድ ቀለም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው እጅጌ ነው።

ከክንዱ በፊት እጅጌውን አየሁ። ጨርቁ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ተሰፍቷል፤ ከሥሩ ሌላ ቁጥር የተፈታበት የመርፌ ቀዳዳ ይታያል። እጅጌው ጫፍ ላይ ያለው አዝራር በቡኒ ክር ነው የተሰፋው። ሌሎቹ በጥቁር። ጥቁር ክር አልቆብኝ ነበር፤ ባሌ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ «ስፊው ባክሽ፣ ማን ያየዋል?» ብሎኝ ነበር። አማቴ ልብሱን «ለወንድሙ ይሁን» ብላ ስትወስድ ጃኬቱ አብሮ ሄደ። ከሄደ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

ከእጅጌው ውስጥ የወጣው እጅ አውራ ጣቱ ሥር ጠባሳ አለው።

አንጓውን ያዝኩት።

«የማን ክንድ ነህ?» አልኩ።

«ቁጥር አሥራ ዘጠኝ አልኩ እኮ!»

ሊስብ ሞከረ። እኔም አልለቀቅኩትም። ነርሷ ደርባ ያዘችው።

«ጎንበስ በል» አልኩት። «ፊትህን ልየው።»

በክፍቱ በኩል፣ ተጣሞ፣ የጎሚስታው ፊት ብቅ አለ። የግቢው ጎማ ጠጋኝ ነው። አውቀዋለሁ፤ ባሌን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። እሱም አወቀኝ። ዓይኑን ወዲያው ሰበረ።

«እትዬ...» አለ።

«ዛሬ ስንት ሰው ሆንክ?»

«ሦስተኛዬ ነው።»

«ባለፈው ዓመትስ? በዓመታዊው ምርመራ?»

ጣቶቹን ጨበጠ።

«የእኔን ሰውዬ ሆነህ ነበር?»

«እትዬ፣ በፈጠረሽ፣ ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ።»

ሌላ መልስ አላስፈለገኝም። እጁን ለቀቅኩት። ጃኬቱን ግን ያዝ አድርጌ ስለነበር ከውስጡ ሾልኮ ወጣ፤ ጃኬቱ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ መስኮቱ ላይ ቀረ።

«ማን አዘዘህ?» አልኩት።

«ማንም አያዝም፤ ወንድማማች ነን። ሰው ከእንጀራው እንዳይፈናቀል ነው እንጂ። አንዱ ይጠይቀኛል፣ እሺ እላለሁ። የአምናውን...» ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። «የአምናውን ተወካያችን ነው የነገረኝ። 'ወንድሜ ትንሽ ራሱን እያመመው ነው፤ ይህቺን እለፍለት' አለኝ። ምን ላድርግ? ክንድ ነው። የምሰጠው ሌላ ምን አለኝ?»

ዋርሳዬ ከአውቶቡሱ ወርዶ እየመጣ ነበር። መስታወቱ ስለማያሳይ በድምፁ ነው ያወቅኩት። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር የእሱ ነው፤ አውቶቡሱ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ካርድ ብቻ እየጠበቀ ነበር።

«ምን ሆናችሁ? ካርዱን ስጡት!»

ነርሷ ተነስታ በሩን ከፈተችው። «ና ግባ፤ ካርዱን ራስህ ውሰድ። ክንድህንም ይዘህ ና።»

በሩ ላይ ቆመ። ነጩ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ጠብቋል፤ ዓይኑ ደም መስሏል። አንድ እጁ ማጅራቱ ላይ ነው። እየተጫነው እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ። መዳፉ ሙሉ፣ ጣቶቹ ጆሮው ሥር። ከእናታቸው ነው የወረሱት መሰለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አየኝና ተናገረ።

«ካርዱን ስጪኝ፤ ሰው ጭኛለሁ።»

«ክንድህን ስጠኝ።»

«በዚህ ልኬትሽ ወንድሜን ፈጀሽው፤ አሁን ደግሞ እኔን?»

«ወንድምህን ማንም አልለካውም» አልኩ። «ታውቀዋለህ። ለቅሶ ቤት እናትህ ስትናገረኝ ጎኗ ተቀምጠህ ታውቀው ነበር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ለአንድ አፍታ ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም፤ ከዚያ የባሰውን አደረገ፤ ሳቀ።

«እሺ ታዲያ። ያውልሽ ማይኩ። ተናገሪ። ባሌ አጭበርባሪ ነበር በይ። የሰው ክንድ ተውሶ ሕዝብ ጭኖ ሲነዳ የኖረ ነበር በይ። በር ላይ ፎቶውን የሰቀሉት እነዚህ ሰዎች ይስሙ። እዚህ ግቢ ሰው የሚምለው በማን አጥንት ነው? በሱ አይደል? በይ፣ የተማርሽ አይደለሽ! ሙት ውቀሺ!»

ነርሷ «ሥራ አስኪያጁን እንጠብቅ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሥራ አስኪያጁ የሚመጣው ከሰዓት ነው። አውቶቡሱ የሚነሳው አሁን ነው፤ ስምሪት ክፍሉ ውስጥ ያሉት ጓደኞቹ ናቸው፤ ካርድ ከለከልኩት ብዬ እዚህ ስቀመጥ በሩን ይከፍቱለታል። ይህን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ያስፈለገኝ ሌላውን ለማሰብ ነበር። ፎቶው በር ላይ ነው። ስገባ አላየሁትም፤ ላለማየት ወደ ሌላ ወገን እያየሁ ነው የገባሁት። ከሥሩ «ምስጉን ሾፌር» ይላል። የቀረኝ ያ ስም ነው። እሱን ሰድበው አያውቁም፤ እኔን ሲሰድቡ እንኳ እሱን አመስግነው ነው። ስሙ ሙሉ ሆኖ እስካለ ድረስ የእኔ መሰደብ የሚቻል ነገር ነበር።

ዋርሳዬ እያየኝ እጁን ከማጅራቱ አላነሳም።

ማይክሮፎኑን አበራሁት። ክላክሶቹ ወዲያው ጀመሩ። ጠበቅኩ። እነሱም እየጠበቁ ይጮኻሉ። ከዚያ የባሌን ስም ጠራሁ፤ ከነአባቱ። አንዱ መኪና ዝም አለ። ሌላው። ግቢው ጸጥ ሲል ሞተሮቹ ብቻ ቀሩ።

«አምና በዓመታዊው ምርመራ ተለክቶ አለፈ የተባለው እሱ አልነበረም» አልኩ። «የተለካው የሌላ ሰው ክንድ ነው። ባሌ አልተለካም። ቤት መጥቶ ጤነኛ ነኝ አለኝ፤ አመንኩት። ከዚያ እዚህ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ተሳፋሪውን አውርዶ ስለነበር ሌላ ሰው አልሞተም። ዛሬም በአንድ ክንድ ሁለት ሰው አልፏል፤ ሦስተኛውን ይዘነዋል። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር የተሳፈራችሁ፣ ሾፌራችሁ አልተለካም። ውረዱ።»

ዘጋሁት።  

 ከዚያ የአውቶቡስ በር ተከፈተ፤ ሴት ድምፅ «ልጆቼን ይዤ ነው እኮ የተሳፈርኩት!» ሲል ሰማን። ሌላው «ሰውዬው የታለ?» ይላል። ዕቃ ሲወርድ፣ ሻንጣ ሲጎተት፣ ሰው ሲራገም። ዋርሳዬ በሩ ላይ ቆሞ መኪናው ሲራቆት አየ። ጎሚስታው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።

ዋርሳዬ ገባ። በሩን በእግሩ ዘጋው። የነርሷን ወንበር ስቦ፣ ጉልበቱ ጉልበቴን እየገፋው፣ ተቀመጠና ሸሚዙን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ለኪ!»

«እንዲህ ተናደህ አይለካም» አለች ነርሷ። «አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። እግርህን አታቆላልፍ።»

«አሁን!»

«ዝም በል አልኩህ!»

ዝም አለ። እዚያች ክፍል ውስጥ ሦስታችንም አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እየሰማን ተቀመጥን። እኔ የማየው ሌላ ነገር ስላልነበረ ክንዱን አየሁት። ከክርኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ጥቁረቱ ያቆማል። ከዚያ በላይ ቆዳው ፈዛዛ ነው፤ የልጅ ይመስላል። ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ምን ታያለሽ?» አለ።

«ምንም።»

ነርሷ ለካችው። አንብባ የማሰሪያውን አየር አወጣችና እንደገና ለካችው። ከዚያ ቀኙን። ቁጥሩን ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ መለኪያውን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ሁለት መቶ ሃያ አራት በመቶ ሠላሳ።

«ስማኝ ልጄ» አለች። ድምፅዋ ቀልዱን ትቶ ነበር። «አሁን ሆስፒታል ትሄዳለህ። በእግርህ አይደለም፤ አንተም አትነዳም። ዓይንህ ብዥ ይልብሃል?»

 የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። እኔ ፊት ጣለው፤ ጠረጴዛው ላይ ነጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ።

«አሁን ጠገብሽ?»

ቁልፉን ከእግሬ ሥር አነሳሁት።

«ስሙን አፈር አስበላሽው። የገዛ ባልሽን። እናቴ ትሰማለች። ከዛሬ ወዲያ ደጃችንን አትረግጪም።»

«አልረግጥም» አልኩ። «መድኃኒት ሲሰጡህ ደህና ነኝ ብለህ አታቋርጥ።»

ምራቁን ሊተፋ ያሰበ መሰለኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የሚተፋበት አልነበረም። ሲነሳ ግድግዳውን ያዘ። ነርሷ ብብቱ ውስጥ እጇን አስገባች፤ መነጨቃት፤ እንደገና አስገባች። በሁለተኛው አልመነጨቃትም። የድርጅቱ የጥበቃ መኪና ወሰደው።

አማቴ የደወለችው መኪናው ከግቢው ከመውጣቱ ነው። ግቢ ውስጥ ወሬ እግር ብቻ ሳይሆን ስልክም አለው።

«ልጄን በአደባባይ አዋረድሽው» አለችኝ።

«የትኛውን፣ እማማ?»

 ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ሁለቱንም» አለች።

«አዎ» አልኩ። «ሆስፒታል እየወሰዱት ነው። ድረሺበት። አንቺም ተለኪ።»

«እግዜር ይይልሽ» ብላ ዘጋችው። ከዚህ በፊት በሺህ ቃል ረግማኝ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ይህኛው ግን አጭር ስለነበረ አውቃ የተናገረችው መሆኑ ገባኝ።

ጃኬቱ አሁንም መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ወደ ውስጥ ሳብኩት። የማጣበቂያ ይሸታል፤ የሌላ ሰው ላብ ይሸታል፤ የምፈልገው ሽታ አልነበረበትም። አዝራሩን በጥርሴ ልበጥሰው አስቤ ነበር። ይልቅ አጠፍኩትና በክፍቱ በኩል ለጎሚስታው መለስኩለት።

«ሆስፒታል አድርስለት። በሸሚዝ ብቻ ነው የሄደው፤ ይበርደዋል።»

«እትዬ፣ እኔ ምን ፊት አለኝ...»

«ፊት አለህ፤ አይቼዋለሁ። ሂድ።»

ሃያ ሰባት ቁጥርና አርባ አንድ ቁጥር ከበሩ እንዳይወጡ ለጥበቃው ተነገረ። ነርሷ ወንበሯን መልሳ፣ መነጽሯን ጠርጋ፣ ማሰሪያውን ዘረጋች።

«ቀጣይ!»

ማንም አልመጣም። ውጭ ሰው መኖሩን አውቃለሁ፤ ጫማ ጠጠር ሲረግጥ ይሰማል፣ ሲያንሾካሹኩ ይሰማል። ክላክስ ግን አልነበረም። ብዙ ቆይቶ አግዳሚው ሲጢጥ አለ። አንድ ወፍራም ክንድ በመስኮቱ ገባ። እስከ ክርኑ ጥቁር ነው።

ማሰሪያውን አላነሳሁም።

«ጎንበስ በል» አልኩ። «ፊትህን ልይ።»

ክንዱ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሰውየው እያቃሰተ ጎንበስ አለና ፊቱን በክፍቱ ላይ ደቀነው፤ ጢሙ ያልተላጨ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ከባሌ ጋር ቤቴ መጥቶ ማዕዴን የቆረሰ ሰው።

«ይኸው! ጠግበሽ እይ!» አለ። «ዓይንሽን አፈር ይብላውና!»

«አየሁት» አልኩ። «እጅጌህን ሰብስብ።»